ድምፁን ፍለጋ፦ ሦስት ቀን ከከሰል ባቡር ኋላ

ባለፈው ዓመት እዚህ እንግሊዝ ያነሳሁትን የከሰል ባቡር ቪዲዮ ለአባዬ ላክሁለት። አባዬ ድሬዳዋ ነው ያለው። ከዚራ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ ቤት። አይቶ እንደጨረሰ ደወለልኝ።

«ያምራል» አለ። ትንሽ ዝም አለና፣ «ድምፁስ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ድምፁን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ነፋሱ አስቸግሮኝ ሙዚቃ ደረብኩበት። ለሌላ ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል። አባዬ ግን ጡረታ እስኪወጣ የሠራው ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው። አያቴ ደግሞ ባቡሩ በእንፋሎት ይሄድ በነበረበት ዘመን እሳት አንዳጅ ነበር። በ1950ዎቹ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ሲመጡ አባዬ ገና ልጅ ነው። አባቱ ከመንገድ ሲመለስ ከሩቅ ይሰማ የነበረውን ድምፅ እስከ ዛሬ ያወራል። ፎቶው ቤት ውስጥ አለ። ድምፁን ግን ማንም አላስቀረለትም።

ዘንድሮ እሱን ይዤለት ልመለስ ብዬ ተነሳሁ። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

አርብ

ከሊድስ የወጣነው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። የምትነዳው ታናሽ እህቴ ናት። ከኋላ ወንበር ላይ ሁለት ካሜራ፣ ትራይፖድ፣ የድምፅ መቅጃ፣ ለነፋስ መከላከያ ፀጉራም ልብስ የለበሰ ማይክ፣ ሻይ በፔርሙስ እና ፍርፍር በምሳ ዕቃ አለ።

ባቡር ማሳደድ ባቡሩ ላይ መሳፈር አይደለም። ቲኬት የገዙት ሰዎች ውስጥ ተቀምጠው ምሳቸውን ይበላሉ። አሳዳጁ መንገድ ዳር ይጠብቃል፣ ያነሳል፣ ዕቃውን ሰብስቦ ወደሚቀጥለው ቦታ ይበራል። ባቡሩ አንድ ቦታ የሚታየው ለ40 ሰከንድ ያህል ነው። ስለዚህ ሥራው የሚያልቀው ከዋዜማው ነው። የት እንደምትቆም፣ ፀሐይ ከየት እንደምትመጣ፣ መኪና የት እንደሚቆም ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። የእኔ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ነበረው። የትኛው ቦታ ነው ጸጥ የሚለው?

የመረጥነው መስመር በሰሜን እንግሊዝ ከሴትል ከተማ እስከ ካርላይል ከተማ 116 ኪሎ ሜትር ነው። ለዕቃ በ1875፣ ለመንገደኛ በ1876 ተከፈተ። 14 ዋሻና ከ20 በላይ ትልልቅ ድልድዮች አሉት። ከሴትል ተነስቶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ያለፋታ ይወጣል፤ በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር። ለመኪና ይህ ዳገት አይባልም። ባቡር ግን ብረት በብረት ላይ ነው የሚሄደው፤ ኋላው ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ቶን ፉርጎ አለ። የድሮ የባቡር ሠራተኞች ይህን ዳገት «ረጅሙ ጉተታ» ይሉታል። ድምፅ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። በሜዳ ላይ ሎኮሞቲቭ ያንሾካሹካል። ዳገት ላይ ነው የሚናገረው።

መጀመሪያ ሪብልሄድ ደረስን። ድልድዩን በፎቶ ስንቴ አይቼዋለሁ፤ በአካል ግን ሌላ ነው። 24 ቅስቶች፣ 400 ሜትር ርዝመት፣ 32 ሜትር ቁመት። ባዶ ረግረግ ሜዳ ላይ፣ ከዌርንሳይድ ተራራ ሥር ቆሟል። ስድስት ስድስት እያለ አንዱ ምሰሶ ከሌሎቹ ይወፍራል። አንድ ቅስት ቢወድቅ ጥፋቱ እዚያው ወፍራሙ ምሰሶ ጋ እንዲቆም ነው እንዲህ የተሠራው። ያንን ወፍራም ምሰሶ በእጄ ዳበስኩት። ድንጋዩ እርጥብና ሻካራ ነው፤ መገጣጠሚያው ላይ ትንንሽ ፈርን በቅሏል።

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ነፋስ፣ ሞተር ብስክሌት፣ እንደገና ነፋስ። ማስታወሻዬ ላይ «ለምስል ብቻ» ብዬ ጻፍኩ።

ቀጥሎ ዴንት ጣቢያ። ከባሕር ጠለል በላይ 350 ሜትር፤ በእንግሊዝ ዋና መስመር ላይ ከፍተኛው ጣቢያ ነው። ቆላ የምንላት ድሬዳዋ እንኳ ከ1,100 ሜትር በላይ ናት። ግን እዚህ ቆመህ ያ ነፋስ ሲመታህ ቁጥሩን ትረሳዋለህ። ጣቢያው ጎን በክረምት በረዶ ሐዲዱን እንዳይደፍነው የተተከለ የድሮ እንጨት አጥር አሁንም አለ።

ጋርስዴል ጣቢያ ላይ ግን ካሰብነው በላይ ቆየን። ፕላትፎርሙ ላይ የውሻ ሐውልት አለ። ስሙ ሩስዋርፕ ነው። በ1980ዎቹ ይህ መስመር ሊዘጋ ነበር። የሪብልሄድ ድልድይ ጥገና በጣም ውድ ነው ተባለ። ከ20,000 በላይ ሰዎች ተቃውሟቸውን በጽሑፍ አስገቡ። መስመሩን ለማዳን ማኅበር ካቋቋሙት ሰዎች የአንዱ ውሻ የሆነው ሩስዋርፕም የእግሩን አሻራ አሳረፈ። ቲኬት እየተቆረጠለት የሚሳፈር ስለነበር ተቃውሞው ተቆጠረለት። በ1989 መስመሩ እንዳይዘጋ ተወሰነ።

በማግስቱ ዓመት በጥር ወር የውሻው ባለቤት ዌልስ ተራሮች ላይ ለእግር ጉዞ ወጥቶ ሞተ። አስከሬኑ የተገኘው ከ11 ሳምንት በኋላ ነው። በዚያ ብርድ ሩስዋርፕ አጠገቡ ነበር። ተሸክመው አወረዱት። ቀብሩ ላይ ተገኘ። ከዚያ ብዙም አልቆየም፤ ሞተ።

እህቴ የሐውልቱን ራስ እየዳበሰች ቆየች። ነሐሱ ብዙ እጅ ከነካው የተነሳ ግንባሩ ላይ ያበራል። «ጋሼ፣ ይኼንንም ለአባዬ እንንገረው» አለችኝ። መኪና ውስጥ ገብተን ለጥቂት ጊዜ ሳናወራ ሄድን።

የምፈልገው ቦታ የተገኘው አመሻሽ ላይ ነው። ኤይስ ጊል። የመስመሩ ጫፍ፣ 356 ሜትር። ከሰሜን የሚመጣ ባቡር የማለርስታንግን ሸለቆ ይዞ እስከዚህ ይወጣል። ከኋላ ዋይልድ ቦር ፌል የሚባለው ተራራ አለ። ከሐዲዱ አጥር ውጪ፣ መሬቱ ትንሽ ጎድጎድ ያለበት ቦታ ላይ አሮጌ የድንጋይ ካብ አገኘሁ። ካቡ ነፋሱን ይሰብረዋል። ተንበርክኬ ማዳመጫውን አደረግኩ። ውሃ ሲወርድ፣ በግ ሲጮህ፣ ሌላ ምንም።

ያደርነው ሆዝ የምትባል ትንሽ ከተማ ነው።

ቅዳሜ

ጠዋት ደመና ነበር። የእንፋሎት ባቡር ለሚያነሳ ሰው ደመናና ብርድ ጥሩ ነው፤ አየሩ በቀዘቀዘ ቁጥር እንፋሎቱ ነጭና ወፍራም ሆኖ ይታያል።

ሪብልሄድ ስንደርስ ሰው ሞልቷል። ሦስት ሰዓት እንኳ አልሆነም። ከእኔ ቀጥሎ ትራይፖዱን የተከለው ሽማግሌ ከዳርሊንግተን አካባቢ የመጣ ነው። የዕለቱን ሎኮሞቲቭ እንደ ልጁ ነው የሚያወራው። ምክንያትም አለው።

ሎኮሞቲቩ ቶርኔዶ ይባላል፤ ቁጥሩ 60163። መልኩን ያየ የድሮ ነው ይላል። ግን የተሠራው በእኛ ዘመን ነው። የዚህ ዓይነት 49 ሎኮሞቲቮች በ1948 እና በ1949 ተሠርተው ነበር። ናፍጣ ሲመጣ አንድ በአንድ ተቆራርጠው ለብረታ ብረት ተሸጡ። በ1966 አንድም አልቀረም። ከዚያ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው «ሃምሳኛውን እንሥራ» አሉ። ሥራው በ1994 ተጀመረ። ገንዘቡ ባብዛኛው ከተራ ሰው ኪስ ነው የመጣው። ሐሳቡ በሳምንት የአንድ ቢራ ዋጋ ማዋጣት ነበር። ቦይለሩ፣ ማለትም ውሃው እየፈላ እንፋሎት የሚሆንበት ጋን፣ ጀርመን ሀገር ማይኒንገን ተሠርቶ መጣ። በ2008 ዳርሊንግተን ላይ እሳት ተነስቶበት ተንቀሳቀሰ። 3 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ፈጅቷል።

ሽማግሌው ለዓመታት በየወሩ ከፍሏል። «አንዲቱ ቡሎን የኔ ናት» አለኝ። ስለ ዕቁብና ዕድር ነገርኩት። ዕድር ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ያዘኑትን የሚያጽናና መዋጮ ነው ስለው አሰበበትና፣ «የእኛ ደግሞ የሞተውን አስነሣ» አለ።

ባቡሩ ስድስት ደቂቃ ዘግይቶ መጣ። መጀመሪያ ከሆርተን በኩል ነጭ ጭስ ታየ። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ዝም አለ። አረንጓዴው ሎኮሞቲቭ ድልድዩ ላይ ሲወጣ ፍጥነቱ ትንሽ ነበር፤ ከዚያ ላይ የአሻንጉሊት ያህል ይታያል። እንፋሎቱ ከቅስቶቹ በላይ ተነስቶ በነፋስ ወደ እኛ ጠመመ። ፉርጎዎቹን ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ፣ ከኋላ አንድ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ለመጠባበቂያ። ምስሉ ተሳካ። ድምፁ እንደጠበቅኩት ነፋስና የካሜራ ጩኸት ብቻ ነው።

«ሂድ፣ ሂድ፣ ሂድ» አለች እህቴ፣ ትራይፖዱን እየነጠቀችኝ።

ከሪብልሄድ እስከ አፕልቢ በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ባቡሩ በብሊ ሙር ዋሻ ተራራውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ነው ርዝመቱ። እኛ በሆዝ በኩል ዞረን፣ በከርቢ ስቲቨን ወርደን ነው የምንደርሰው። አንድ ነገር ብቻ ይረዳናል። ቶርኔዶ አፕልቢ ላይ ውሃ ለመቅዳት ይቆማል። ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ ስለሌለ የት እንደደረሰ ስልክ ላይ ማየት አልቻልንም። ከከርቢ ስቲቨን በኋላ ከአንድ ትራክተር ኋላ ተያዝን። እህቴ አልቀደመችም። ትክክል ነበረች፤ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። ለባቡር ተብሎ ሰው አደጋ ላይ አይጣልም። በዚህ አንደራደርም።

አፕልቢ ስንደርስ እዚያው ነበር።

እዚህ ነው በቅርብ ያየሁት። ጎማው ከሁለት ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ እኔን አስቁሞ ይጋርደኛል። ከሥሩ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ጠብታው የጋለ ቧንቧ ላይ ሲያርፍ ቸስ ይላል። ነጂው ረጅም አፍንጫ ያላት የዘይት ጣሳ ይዞ ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ ይዞራል። እያንዳንዷን ካጠጣ በኋላ የእጁን ጀርባ ያስጠጋና ሙቀቷን ይለካል። እናት ልጇ ተኩሶት እንደሆነ እንደምታየው ነው። ካቢኑ ውስጥ እሳት አንዳጁ አካፋውን ደገፍ ብሎ ቆሟል። ወጣት ነው፣ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። የአካፋው ጫፍ በከሰል ተስሎ እንደ ብር ያብለጨልጫል። ፊቱ ጠቁሮ በላቡ መስመር መስመር ሠርቷል።

እህቴ በእንግሊዝኛ፣ «አያቴም ይህን ሥራ ነበር የሚሠራው፣ ኢትዮጵያ» አለችው።

ወጣቱ አካፋውን አስቀምጦ ወደ በሩ መጣ። የት እንደሆነ፣ የሐዲዱ ስፋት ስንት እንደሆነ ጠየቀ። አንድ ሜትር፣ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር፣ ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣ አልኩት። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ በረሃ። «እሳቱ ፊት ቆሞ?» አለና ራሱን ነቀነቀ። የእሱ ተጎታች 7 ቶን ተኩል ገደማ ከሰልና 28,000 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። ከሰሉን የሚያጎርሰው በእጁ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ስለ አያቴ ሲደነቅ ስሰማ ጉሮሮዬ ተያዘ። አያቴን አላየሁትም። እኔ ሳልወለድ ነው ያረፈው።

ፉጨቱ ተነፋ። ባቡሩ ወደ ካርላይል ሄደ። እኛ ፍርፍራችንን በላንና ወደ ኤይስ ጊል ተመለስን።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጀመረ። ማይኩን ከካቡ ሥር ተከልኩት፣ በላዩ ጃንጥላ ዘረጋሁ፣ እኔ ከዝናቡ ጋር ቀረሁ። ሌሎች አሳዳጆችም ነበሩ፤ ከላይ፣ ከመንገዱ ዳር። ወርጄ ድምፅ እንደምቀዳ ነገርኳቸው። አንዱ የመኪናውን ሞተር አጠፋ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ከ11 ሰዓት በኋላ ሰማሁት። ከሸለቆው ታች፣ በጣም ከሩቅ። መጀመሪያ ልብ ምት ይመስላል። የሆነ ቦታ ላይ ተራራው ይጋርደዋል፣ ይጠፋል። ተመልሶ ሲመጣ ከበፊቱ ጠንክሮ ነው።

አብዛኛው የከሰል ሎኮሞቲቭ ሁለት ሲሊንደር ነው ያለው፤ እንፋሎቱ እየገፋ ጎማውን የሚያዞረው እዚያ ውስጥ ነው። ጎማው አንዴ ሲዞር አራት ጊዜ ይተነፍሳል። ቶርኔዶ ሦስት ሲሊንደር አለው፤ በአንድ ዙር ስድስት ነው። ስድስት ምት በሀገራችን ጆሮ ምን እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ችክችካ ነው። በየሠርጉ ትከሻችንን የሚያነሣው ምት ነው። ያንን ሸለቆ ይዞ ሲወጣ ስሰማ የገረመኝ እንግዳ አለመሆኑ ነው።

ከአምስት ደቂቃ በላይ ሲወጣ ሰማሁት። አንድ ጊዜ ምቱ ተሰበረ። ስድስቱ ተደባልቆ እንደ ከበሮ ጥቅልል አጉረመረመ፣ ድንገት ጸጥ አለ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ከአንድ ጀመረ። ልቤ ወደቀ። መቅጃው የተበላሸ መሰለኝ። መነካካት አልቻልኩም፤ ብነካው ይሰማል። ዝም ብዬ ያዝኩት።

ከዚያ መጣ። ከዝናቡ ውስጥ፣ መብራቱ ቀድሞ። በአጠገቤ ሲያልፍ ድምፁን በደረቴ ነው የሰማሁት፤ ካቡ ሥር ያለው መሬት ይንቀጠቀጣል። የካቢኑ በር ላይ የእሳቱ ቀይ ብርሃን የአንድን ሰው ወገብና ክንድ ለቅጽበት አሳየኝ፤ አካፋው በመመለስ ላይ ነበር። ፉርጎዎቹ ተከተሉ። የከሰል ሽታ ሸለቆው ውስጥ ቀረ። ጫፉን ሲያልፍ ድምፁ ላላ፤ ሸክም ያወረደ ሰው ይመስላል።

መቅጃውን ወዲያው አላጠፋሁትም። ዝናቡና በጎቹ ተመልሰው እስኪመጡ ጠበቅኩ።

«ጋሼ፣ አሁን መተንፈስ እችላለሁ?» አለች እህቴ ከካቡ ማዶ።

እሁድ

ወደ ሊድስ ከመመለሳችን በፊት ቻፕል ለ ዴል ጎራ አልን። ከሪብልሄድ ወደ ታች፣ ዛፍ መሃል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ያለባት መንደር ናት። ያን ድልድይና ዋሻ የሠሩት ሰዎች ከነቤተሰቦቻቸው ረግረጉ ላይ ጎጆ ሠርተው ነበር የሚኖሩት። በሥራ አደጋ ሞቱ፣ በፈንጣጣ ሞቱ። ሴቶችና ሕፃናትም ጭምር። ከ200 በላይ የሚሆኑት እዚህ ተቀብረዋል፤ የመቃብር ቦታው መስፋት ነበረበት። አብዛኞቹ የራሳቸው ድንጋይ የላቸውም። ግድግዳው ላይ ያለው የእምነበረድ ጽሑፍ ከሴትል እስከ ዴንት ሄድ ባለው ሥራ በአደጋ ለሞቱት መታሰቢያ እንደሆነ ይናገራል። ያሠሩት የባቡር ኩባንያውና የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ወጪውን ተካፍለው። የባልደረቦቻቸው ስም ከኩባንያው ቀድሞ ተጽፏል። እህቴ ጧፍ ፈልጋ ነበር፤ አልነበረም። በየእምነታችን ጥቂት ቆመን ወጣን።

ከቀትር በኋላ ቤት ገባን። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ድምፁ ንጹሕ ነው። ያቺ የተሰበረችው ቦታ ግን አለች፤ ሰባት ሰከንድ ያህል። ቆርጬ ላወጣት ነበር። እህቴ «ተው፣ መጀመሪያ አባዬ ይስማው» አለች።

ደወልንለት። ጆሮው አሁን ትንሽ ከብዷል። ስልኩን ስፒከር ላይ እንዳያደርገው፣ ጆሮው ላይ እንዲይዘው ነገርኩት። ምንም ሳልገልጽለት አጫወትኩለት። ከየት እንደመጣ፣ የት እንደቀዳሁት አልነገርኩትም።

በሌላኛው ጫፍ ምንም አይሰማም። ከዚራ ላይ ቁራ ይጮኻል። የተሰበረችው ቦታ ደረሰች፣ አለፈች። ባቡሩ አለፈ። በጎቹ መጡ።

«አለህ፣ አባዬ?»

«አለሁ» አለ። ድምፁ ቀጥኗል። «ዳገት ነው፣ አይደል?»

«ዳገት ነው።»

«ዝናብ ነበር?»

እህቴና እኔ ተያየን። «እንዴት አወቅክ?»

«አንሸራተተዋ! ሐዲዱ እርጥብ ሲሆን ጎማው መቆንጠጥ ያቅተዋል፣ ባዶውን ይሽከረከራል። አልሰማኸውም? እንፋሎቱን ዘጋው፣ አሸዋ አፈሰሰበት፣ ቀስ ብሎ ያዘ።» ትንሽ ቆየ። «ጎበዝ ነጂ ነው። አባቴ እንዲህ ያለውን ሲነግረን እያጨበጨበ ነበር፤ ቶሎ ቶሎ ያጨበጭባል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ አንድ፣ ሁለት እያለ ይጀምራል።»

ከስልኩ ውስጥ ጭብጨባ ሰማን። ቶሎ ቶሎ። ጸጥታ። ከዚያ አንድ፣ ሁለት።

«በል መልሰው» አለኝ። «ከዚያችው ቦታ ጀምረህ።»